ከመንገድ የተረፈ መሬት ለሰፈር ሲሆን
(ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በቅድሚያ በዚህ ዓመት በሞት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማር፣ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን እንላለን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ መዋጮ ወይም ቅጣት አይደለም፤ የቦታ ነገር ነው።

እድራችን ድንኳን አለው፤ ብረት ድስት አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው። ድንኳኑን የሚተክልበት ሜዳ ግን የለውም። የሟች ግቢ ሲጠብ ወዴት እንወጣለን? ወደ መንገድ ዳር ነዋ! ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙት እዚሁ ወረታ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ከባድ መኪና ከጀርባው ሽው ይላል። አንዱን ልንቀብር ወጥተን ሌላውን እንዳንቀብር ያሰጋል።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። መንገድ በተሠራ ቁጥር ለማንም ያልተባለ ቁራሽ መሬት ይተርፋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከፊል ሐዲዱ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ታዲያ ምን ይሁን? ባለቤት ያጣ ቦታ ቆሻሻ ባለቤት ይሆነዋል።

በሌላው ዓለም ሰፈርተኛው ራሱ መልስ የሰጠበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ አገር በሳንዲያጎ ከተማ ትልቅ ድልድይ በሰፈር ላይ አልፎ ከተሠራ በኋላ፣ ከሥሩ የመንገድ ፖሊስ ጣቢያ ሊሠራ መሆኑን ነዋሪዎቹ ሰሙ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1970 አካፋና ዶማ ይዘው ወጥተው ቦታውን ያዙ፤ ዛፍም ተከሉ። ዛሬ ቺካኖ ፓርክ ይባላል፤ የድልድዩ ምሰሶዎችም በሥዕል ያጌጡ ናቸው። በሕንድ አገርም በሙምባይ ከተማ፣ ማቱንጋ በሚባለው ሰፈር፣ ከመኪና ማሳለፊያ ድልድይ ሥር እ.ኤ.አ. በ2016 የአትክልት ቦታና የእግር መሄጃ ተከፍቷል። እዚያም አስተዳደሩን የወተወቱት ነዋሪዎቹ ናቸው።

እንግዲህ እኛስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የኛ ድልድዮች እንደ አዲስ አበባው አይደሉም። የርብና የጉማራ ድልድዮች ሥር የውኃ ነው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል ወርደው ጣና የሚገቡ ናቸው፤ ክረምት ሲበረታ ሜዳውን ያለብሱታል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ፎገራን ምን እንዳደረጋት ያየ ሰው፣ ውኃ መሄጃ ላይ ቤት እንሥራ አይልም። በጋ ላይ ደረቅ ነው ብሎ መታለል አይገባም።

ለኛ የተረፈን የከተማው መንገድ ዳር ነው፤ ይኸውም ከውኃ መውረጃው ቦይ ወዲህ፣ ከአጥር ወዲያ ያለው ነው። አንዳንዱ ቦታ የሩዝ ገለፈት ተቆልሎበታል። የሩዝ ገለፈት ሲሊካ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት ቶሎ አይበሰብስም፤ ንፋስ ሲነሣ ዓይን ያጠፋል፣ ሲዘንብ ቦይ ይደፍናል። ቦዩ ሲደፈን ደግሞ ውኃው የሚገባው ከቤታችን ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቦታው የኛ ርስት አይደለምና ሳንጠይቅ አንድ ችካል አንተክልም። ለማዘጋጃ ቤቱና ለመንገድ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ እናመለክታለን፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። አለዚያ ዛሬ ያጸዳነውን ነገ ሌላው አጥሮ ይወስደዋል።

ሁለተኛ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ያለ፣ ከመታጠፊያ ላይ ያልሆነ ቦታ እንምረጥ። አፈር ሞልተንና ጠቅጥቀን ከፍ እናድርገው፤ ቦዩን ግን እንዳንነካ። ዛፍም የነጂ ዓይን በማይከልልበት በኩል እንትከል።

ሦስተኛ፣ እዚያ ጉልት ይዘው የሚውሉ እናቶች አሉ። እነርሱም የዚሁ እድር አባላት ናቸው። ለለቅሶ ቦታ ብለን እንጀራቸውን ብንቀማ ምኑን እድር ሆንን? ለነርሱም ጥላ ይለይላቸው።

አራተኛ፣ ለቅሶ በሌለበት ቀን ልጆች ይጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች ይቀመጡበት። ሰው የሚውልበት ቦታ ቆሻሻ አይጣልበትም። ጠራጊው በተራ ይሁን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። ቀባሪ ሲጠራ አካፋ ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ለዚህ አንድ ቀን ቢወጣ አይከብደውም። እስከ ዛሬ እድራችን ለሞተው ሲደርስ ኖሯል፤ በቁም ላለነውም የምንቀመጥበት ጥላ ቢያስፈልገን ነውር አይደለም።

ጉባኤው መክሮበት ይወስን።