መሰላሉ ሲጠብ፦ የደረጃ ዕድገት ውስን በሆነበት መሥሪያ ቤት የሙያ መንገድን ስለ መምረጥ



ንግግሬን በቀላል ስሌት ልጀምር። በሥሩ 4 ቡድኖች ያሉት አንድ ዳይሬክቶሬት እናስብ። በእያንዳንዱ ቡድን 6 ባለሙያዎች ይሠራሉ እንበል። እንግዲህ ባለሙያዎቹ 24፣ የቡድን መሪዎቹ 4፣ ዳይሬክተሩ 1 ናቸው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። አንድ የቡድን መሪ በ38 ዓመቱ ቢመደብና ከቦታው ባይነሣ፣ ያ መደብ 22 ዓመት ሙሉ ክፍት አይሆንም። 24ቱም ባለሙያዎች ትጉህና ብቁ ቢሆኑ እንኳ አብዛኞቹ የቡድን መሪነትን ሳያዩ ጡረታ ይወጣሉ። ይህ የማንም ክፋት ሳይሆን የመዋቅሩ ቅርጽ ያመጣው ውጤት ነው።

ይህን ስሌት አስቀድሞ ያላየ ሠራተኛ ዕድገት ሲያጣ ወይ ራሱን ይወቅሳል፣ ወይ አለቃውን ይጠላል። ስለዚህ ስለ ችሎታችሁ ከመጠራጠራችሁ በፊት የቆማችሁበት መሰላል ምን ዓይነት እንደ ሆነ መርምሩ።

መሰላል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረጃን ለመደብ ይሰጣል። በተለምዶ ጄኢጂ የምንለው የሥራ ምዘናና ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት የሚመዝነው የሥራ መደቡን እንጂ በመደቡ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይደለም። ባለሙያው ሁለተኛ ዲግሪ ቢይዝም መደቡ ካልተለወጠ ደረጃው አይለወጥም። ከፍ ለማለት ክፍት መደብ መገኘት፣ ማስታወቂያ መውጣትና ውድድር መካሄድ አለበት። የእርከን ጭማሪም ቢሆን ደመወዝን እንጂ ኃላፊነትን አያሳድግም።

ሁለተኛው መሰላል ደረጃን ለሰው ይሰጣል። የትምህርት ቤት መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ ወደ ከፍተኛ መምህርነት፣ ከዚያም ወደ መሪ መምህርነት ሲያድግ ከጥቁር ሰሌዳው አይለይም፤ የሌላ መምህር ጡረታም አይጠብቅም። እኛም በዩኒቨርሲቲ ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነትና ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የምናድገው በትምህርት፣ በአገልግሎትና በምርምር ነው። ይህም መሰላል ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ግን ሌላ ሰው በያዘው ወንበር የሚወሰን አይደለም።

የትኛው ለማን ይስማማል? በኤም.አይ.ቲ. ያስተምሩ የነበሩት ኤድጋር ሻይን 44 ምሩቃንን ለዓመታት ተከታትለው፣ ሰው ልምድ ባካበተ ቁጥር ምርጫ ሲገጥመው አሳልፎ የማይሰጠው አንድ ነገር እንዳለው አስተዋሉ። ይህንንም የሙያ መልህቅ አሉት። የአንዱ መልህቅ ማስተዳደር፣ የሌላው ሙያዊ ጥበብ፣ የሌላው ነፃነት፣ የሌላው ዋስትና ነው። አስተዳዳሪነት ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ሹመትን የዕድገት ሁሉ ስም አድርገነዋል።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በስታቲስቲክስ ባለሙያነት 9 ዓመት ካገለገለች በኋላ፣ ለቡድን መሪነት ሁለት ጊዜ ተወዳድራ አልተሳካላትምና ሥራ ልልቀቅ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የቡድን መሪው ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራውን እንድትጽፍልኝ ነገርኳት። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የሰዓት ፊርማ ቁጥጥር፣ የሠራተኛ ቅሬታ ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ደጋግማ አየችውና ከዚህ ውስጥ የምወደው አንድም የለም አለች። የፈለገችው ደመወዙንና ክብሩን ነበር። እናቷን ትጦራለችና የደመወዙ ጉዳይ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ በያዘችው ደረጃ፣ የመረጃ ትንተና ዋና ሥራው ወደ ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረች። ደመወዟ አልጨመረም፤ በምትወደው ሙያ ግን እየጠለቀች ነው። ትክክል መረጠች ወይ የሚለውን የምትመልሰው እርሷ ናት።

የቤት ኪራይ ለከበደው ሰው ሥራህን ውደድ ብሎ መምከር ስላቅ ነው። ደመወዙ የማይበቃው ሰው ወደ ግል ድርጅት ወይም ወደ ራሱ ሥራ ቢሄድ አይነቀፍም። ብቻ በንዴት አይሂድ። የጡረታ አገልግሎት ዘመኑን፣ ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድ፣ ከትምህርት ዕድል ጋር የፈረመውን የአገልግሎት ግዴታ አስልቶ ይሂድ።

ለኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጎበዝ ባለሙያን ለመሸለም ያላችሁ ብቸኛ መንገድ አለቃ ማድረግ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ጥሩ ባለሙያ ታጣላችሁ፤ ምናልባትም ደካማ አለቃ ታተርፋላችሁ። መምህራን ያላቸው ዓይነት ሰውን የሚከተል መሰላል ለመሐንዲሱ፣ ለሒሳብ ባለሙያውና ለዕቅድ ባለሙያውም ሊሠራለት ይገባል።

እናንተ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራችሁን ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ደረጃው የመደቡ ነው ወይስ የእኔ? ከበላዬ ያለው ሰው ቀኑን በምን ያሳልፋል? ዕድገቱ ባይመጣ እንኳ ከ5 ዓመት በኋላ ይዤው የምወጣው ዕውቀት ምንድን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት፣ መሰላሉ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን ብዙ አትቆዩበት።