የቪዲዮ ጨዋታ ድርሰት ሽልማት ይገባዋልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በመካኒሳ አቦ፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የንግግራችን ርእስ ሲነበብ ከወላጆች መካከል ፈገግ ያሉ እንዳሉ አይተናል። አንዳንዶችም «ልጆቹ ከጨዋታ እንዲርቁ ብለን ወደ ትምህርት ቤት ብንልካቸው፥ እነርሱ ደግሞ ጨዋታውን ሸልሙልን ይሉናልን?» ብለው በልባቸው ሳይጠይቁ አልቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ራሳችን እንዲሁ ስንል ቆይተናልና አንቀየምም። እንዲያውም ንግግራችንን የምንጀምረው የራሳችንን ጥፋት በመናገር ነው።

ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን በተደረገው የድርሰት ውድድር የመጀመሪያውን ምርጫ የማካሄድ ኃላፊነት የተሰጠው ለሥነ ጽሑፍ ክበባችን ነበረ። ከቀረቡት ድርሰቶች መካከል አንዱ በሁለት ደብተር የተጻፈ ነበረ። ደራሲው የክፍል ጓደኛችን ሲሆን፥ የጻፈውም ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሆን ታሪክ ነው። አንዲት ልጅ ወንድሟን ፍለጋ ከደብረ ማርቆስ መጥታ መካኒሳ አቦ ከታክሲ ትወርዳለች፤ በእጇም ለወንድሟ የተላከ የታሸገ ደብዳቤ ይዛለች። በየገጹ ግርጌ አንባቢው እንዲመርጥ ይጠየቃል። በቆሎ የምትጠብሰውን ሴትዮ ትጠይቅ ወይስ የታክሲውን ረዳት? ደብዳቤውን ትክፈተው ወይስ እንደ ታሸገ ታድርሰው? አንባቢውም እንደ ምርጫው ወደ ሌላ ገጽ ይላካል። እኛ ግን ሦስት ገጽ እንኳ ሳንጨርስ «ይህ ጨዋታ እንጂ ድርሰት አይደለም» ብለን ሳቅንና ደብተሮቹን ወደ ጎን አደረግናቸው። ሽልማቱም ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። የተሸለመው ድርሰት መልካም ነበረ፤ ጥፋታችን እርሱን መምረጣችን ሳይሆን ያላነበብነውን መጣላችን ነው።

ይህ ነገር በኅሊናችን ስለ ቀረ፥ በሌላው ዓለም እንዲህ ላለ ጽሑፍ ሽልማት የሚሰጥ እንደ ሆነ፥ ቢሰጥም ከልብ ሊከበር የሚገባው እንደ ሆነ ለመመርመር ተነሣን። ያገኘነውን በአጭሩ እናቀርባለን።

አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ ነገር ድርሰት ነውን?» የሚል ነው። ታሪክን የጀመረው ሊጨርሰው ይገባል፤ አንባቢ እጁን ካስገባበት የደራሲው ሥራ የቱ ላይ ነው? የሚሉ አሉ። ነገር ግን በአገራችን ማታ በእሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ ያልመለሰ ማን ነው? መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ ምስጢሩን ይገልጣል። በዚህ ጨዋታ ሰሚው ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ያለ እርሱ መልስ ነገሩ ወደ ፊት አይሄድም። ይሁን እንጂ እንቆቅልሹን ያሰበው ሰው ብልሃት የለውም ያለ ሰው ከቶ አልሰማንም።

የቴአትር ድርሰትም እንዲሁ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ቃል ተዋናዩ እስኪናገረው ድረስ ሥራው ሙሉ አይሆንም። ቢሆንም ታላቁ ጸሐፌ ተውኔት ፀጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተሰጠውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ሲቀበሉ «ክብሩ ለተዋንያኑ ነው እንጂ ለደራሲው አይገባም» ብሎ ቢከራከር የሚሰማው ባልተገኘም ነበር። እንግዲህ የተዋናዩ ድርሻ የደራሲውን ክብር ካልቀነሰ፥ የተጫዋቹ ድርሻ ስለ ምን ይቀንሰዋል?

ደግሞም ዛሬ የምናከብረው ሁሉ አንድ ቀን እንግዳ ነገር ነበረ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ስሙን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው ነው። በእውነት ያልሆነውን፥ ከጸሐፊው ልብ የተወለደውን ነገር በረጅሙ ጽፎ ማሳተም ለአማርኛ አዲስ ሥራ ነበረ። ዛሬ ግን ልብ ወለድ በክፍል ውስጥ እንማረዋለን፥ በፈተናም እንጠየቅበታለን። ስለዚህ አንድ የጽሑፍ ዓይነት አዲስ መሆኑ ብቻውን አያስንቀውም፤ አዲስ መሆኑ ብቻውንም አያስከብረውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሽልማቶቹ ነው። በአሜሪካ በፊልምና በቴሌቪዥን የሚጽፉ ደራስያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ለቪዲዮ ጨዋታ ድርሰት ሽልማት መስጠት ጀመረ፤ የመጀመሪያውንም «ዴድ ሄድ ፍሬድ» የተባለው ጨዋታ አገኘ። ነገር ግን ወደ ውድድሩ ለመግባት ደራስያኑ በማኅበሩ ሥር የተቋቋመውን የጨዋታ ጸሐፊዎች ክፍል መቀላቀል ነበረባቸው። ከዚህም የተነሣ በዓመቱ ብዙ የተወራላቸው ጨዋታዎች ከዝርዝሩ ውጭ ሲቀሩ ታይተዋል። አንድ ሰው ርስቱን አጥሮ ከአጥሩ ውስጥ የበቀለውን ዛፍ ብቻ እየለካ «በአገሩ ረጅሙ ይህ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን የሚሰጡት ኔቡላ የተባለው ሽልማት ደግሞ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጻሕፍት ሲሰጥ የኖረ ነው። ለጨዋታ ድርሰት አንድ ክፍል ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም፥ ዕጣው የወጣው ለ«ባንደርስናች» ነበር። ይህ ግን ተመልካቹ በየመካከሉ እየመረጠ የሚያየው ፊልም ነው፤ ጨዋታ ይባል ወይስ ፊልም ገና ያከራክራል። ከዚያ በኋላ «ሄዲስ»፥ «ኤልደን ሪንግ» እና «ባልደርስ ጌት 3» የተባሉት ተራ በተራ ተሸለሙ። ከእነዚህ መካከል መቶ ሰዓት ተጫውተውት የማያልቅ አለ። እንግዲህ ድምፅ ከሰጡት መካከል ስንቱ እስከ መጨረሻው ደረሰ ብለን ብንጠይቅ ነገር ፍለጋ አይሆንብንም። እኛ ሁለት ደብተር ማንበብ ያቃተን ሰዎች ነንና ፈተናውን እናውቀዋለን።

ሦስተኛም የገንዘብ ነገር አለ። የጨዋታ ኩባንያ ሽልማት ባገኘ ጊዜ ይህንኑ በማስታወቂያው ላይ አትሞ ገበያውን ያሰፋበታል። ብዙውም ጨዋታ በመተኳኮስ የተሞላ ነው፤ ድርሰቱም ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው መሻገሪያ ድልድይ ከመሆን አያልፍም። ይህን ሁሉ የምንናገረው ከወላጆች ጋር ለመስማማት ብለን ሳይሆን እውነት ስለ ሆነ ነው።

ታዲያ ነገሩን እዚህ ላይ ጥለን ልንሄድ ነበር። ሁለት ምሳሌዎች ግን አስቆሙን።

የመጀመሪያው ከኢስቶኒያ ነው። ኢስቶኒያ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ የማይሞላ ትንሽ አገር ናት። የዚያ አገር ሰው ሮበርት ኩርቪትዝ እ.ኤ.አ. በ2013 በአገሩ ቋንቋ አንድ ልብ ወለድ አሳተመ፤ ብዙ ገዢም አላገኘም። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያንኑ የፈጠረውን ዓለም ወደ ጨዋታ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ «ዲስኮ ኢሊሲየም» የተባለ ጨዋታ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃል የተጻፈበት ሲሆን፥ ተጫዋቹ ከመዋጋት ይልቅ ከሰዎችና ከገዛ ኅሊናው ጋር ሲነጋገር የሚውልበት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፥ በሚቀጥለውም ዓመት በብሪታንያ በታሪክ አተራረክ ተሸለመ። መጽሐፉ ያልደረሰበት ቦታ ጨዋታው ደረሰ።

ሁለተኛው ከአላስካ ነው። በዚያ የበረዶ አገር የሚኖሩት የኢኙፒያት ሕዝብ ተረታቸውን ለልጆቻቸው ለማስተላለፍ ብለው ከጨዋታ ሠሪዎች ጋር ተባበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውም ጨዋታ በራሳቸው ቋንቋ እየተተረከ የሚሄድ ነው። ይህም ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ቋንቋውን የሚናገሩት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ሽልማቱ ግን ድምፁን ስለ እነርሱ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዘንድ አደረሰው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እዚሁ አዲስ አበባ ቅኔ ቴክኖሎጂስ የተባለ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ» ብሎ በእጅ ስልክ ጨዋታ አወጣት፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በአፍሪካ ደረጃ በመዝናኛ ዘርፍ ተሸለመች። የጥንቱን ገበታንም እንደዚሁ ወደ ስልክ አምጥተውታል። ይህ የሚያኮራ ጅምር ነው። ሆኖም ዶሮዋ ትሮጣለች እንጂ ብዙ አትናገርም። በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ብትቆሙ ሕፃናቱ ከሰዓት እስከ ማታ ሲጫወቱ ታያላችሁ፤ ከስክሪኑ የሚሰማው ግን የሌላ አገር ቋንቋ፥ የሌላ አገር ጀግና፥ የሌላ አገር ሐዘን ነው። ልጆቹ ጨዋታውን ይተዉ ዘንድ ብንመክር ጥቂቶቹ ይሰሙን ይሆናል። የቀሩት ግን የሚጫወቱትን ታሪክ ማን ይጽፍላቸዋል? ያንን የሚጽፍ ልጅ በገዛ ትምህርት ቤቱ ተሥቆበት ከቀረስ?

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ድርሰት ሽልማት ይገባዋል፤ ሽልማቱ ግን በስሙ ብቻ ሊከበር አይገባውም። ልንጠይቀው የሚገባን ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፥ ዳኛው ሥራውን እስከ ፍጻሜው ተጫውቶታልን ወይስ አንብቦታልን? ሁለተኛ፥ በሩ ለሁሉ ክፍት ነውን ወይስ ለማኅበርተኛ ብቻ? ሦስተኛ፥ ዳኛው የመረጠበትን ምክንያት በአደባባይ ይናገራልን? በቅኔ ቤት ተማሪው የተቀኘውን በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ቤቱ የቱ ላይ እንደ ጎደለ፥ ምስጢሩ የቱ ላይ እንደ ሰመረ ይነግረዋል። ቅኔ ያልዘረፈ ሰው የቅኔ ዳኛ ሲሆን አላየንም። እነዚህ ሦስት ነገሮች የተሟሉለት ሽልማት ለጨዋታም ቢሰጥ ሽልማት ነው፤ የጎደሉት ግን ለታላቅ መጽሐፍም ቢሰጥ ጌጥ ብቻ ነው።

አሁን የደብተሮቹን ነገር እንፈጽም። ዘንድሮ በመስከረም ከጓደኛችን ዘንድ መልሰን ለመንናቸውና አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክፍል ውስጥ ጮክ ብለን አነበብናቸው፤ በየምርጫውም እጅ እያወጣን ድምፅ ሰጠን። ደብዳቤው ጋ ስንደርስ ከእኛ የሚበዙት «ትክፈተው!» አሉ። ከፈተችው። ወንድሟንም ከብዙ ድካም በኋላ አገኘችው። እርሱ ግን ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብሎ የተቀደደውን ጠርዝ አየና፥ ሳያነበው መልሶ ሰጣት፤ በሩንም ዘጋ። በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። «የሰው ምስጢር አትክፈቱ» የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ያን ቀን ግን የከፈትነው እኛ ራሳችን ነበርን። ይህን ሊያደርግ የሚችል ጽሑፍ ድርሰት ካልተባለ ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ወደ ጓደኛችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ስለ ሽልማቱ አንዲት ቃል አላነሣም። «ደብዳቤውን ከፈታችሁት?» አለን። ከፈትነው ብለን ስንመልስለት ሣቀና «እንግዲያው ሌላውን መንገድ ገና አላያችሁትም» አለ።

ክቡራን መምህሮቻችን፥ ከመሰናበታችን በፊት አንድ ልመና አለን። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በድርሰት ውድድሩ ውስጥ ለጨዋታ የሚጻፍ ታሪክ እንዲቀበሉልን፥ ዳኞቹም ሁሉን አንብበው ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ እንለምናለን። ለእኛ ጓደኛ ጊዜው አልፏል፤ እርሱም እንደ እኛ ዘንድሮ ከዚህ ግቢ ይወጣል። ከኋላችን ያሉት ግን ደብተራቸውን ይዘው በበሩ ላይ ቆመዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ለእናንተም አለን። ልጃችሁ ስልኩን አቀርቅሮ ሲያይ ብታገኙት፥ ከመቆጣታችሁ በፊት «የምትጫወተውን ታሪክ እስቲ ንገረኝ» በሉት። የሚናገረው ካጣ ጨዋታው ጊዜውን እየበላበት ነውና ስልኩን ብትወስዱበት አይፈረድባችሁም። መናገር ከጀመረ ግን እባካችሁ ተቀመጡና እስከ መጨረሻው ስሙት። እኛ ሦስት ገጽ አንብበን በመተዋችን የቀረብንን እናውቀዋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፥ መምህሮቻችንንና ወላጆቻችንን ይጠብቅልን።