የመኪና ሂተር መጀመሪያ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ለምንድን ነው?

በታኅሣሥ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ መኪና አስነስተው ሂተር ቢከፍቱ፣ መጀመሪያ የሚነፍስዎት ቀዝቃዛ አየር ነው። የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ መኪና ሂተር ሙቀቱን የሚያገኘው ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ውሃው ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ራዲያተር ሲያልፍ ፋኑ ሙቀቱን ወደ እርስዎ ይነፋል። ስለዚህ የሙቀት ጠቋሚው ከፍ እስኪል ፋኑን ለመክፈት አይቸኩሉ። የፊት መስታወቱ ጉም ከለበሰ አየሩን ወደ እሱ አዙረው ኤሲውንም አብረው ይክፈቱ፤ ኤሲ እርጥበቱን ያደርቃል። ሞተሩ ሞቆም ሂተሩ ካልሞቀ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን የዋናውን ራዲያተር ክዳን አይንኩ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሞቅ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ይገድላል።