የተንሸራተተው ላስቲክ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ጥቅም፤ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ቁም ነገር አስጨብጠውናል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን፤ ፈቃዳችሁ ቢሆን፤ ስለ አንድ ላስቲክ እንነግራችኋለን። ላስቲኩ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፤ ጥቁርና መልከ ጥፉ ነገር ነው። ይህን ስንል ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። እኛም ሥራውን ስንጀምር እንደ እናንተ ፈገግ ብለን ነበር፤ ኋላ ግን ፈገግታው ጠፍቶብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክፍላችን ልጆች የአንዱ አያት በልደታ በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እኛም እንደ ልጅ ልጃቸው «አባባ» እያልን እንጠራቸዋለን። አባባ በጉልምስናቸው ዘመን የገዟት አንዲት ቮልስዋገን አለቻቸው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ ብዙ ዕቃ ሸጠዋል፤ ብዙም ለጎረቤት ሰጥተዋል፤ ቮልሷን ግን አልሰጡም። ልጆቻቸውን ለክርስትና የወሰዱባት፤ ኋላም ለትምህርት ያመላለሱባት እርሷ ናትና።

ቮልስዋገን በአገራችን እንግዳ አይደለችም። ንድፏን ያወጡት ፈርዲናንድ ፖርሽ ናቸው። በብዛት መሠራት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ነው። የመጨረሻይቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። የንድፍ አውጪው ልጅ ፌሪ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት 356 የተባለው ዝነኛ የስፖርት አውቶሞቢልም የተነሣው ከዚችው ከቮልስዋገን ክፍሎች ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገርለት ላስቲክ ያንን ውድ አውቶሞቢል የያዘውንም ሰው ይመለከተዋል። በታሪካችንም ስፍራ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ተሳፍረው ነበር።

አሁን ወደ ላስቲኩ እንመለስ። የሞተሩ ኃይል በካምቢዮው አልፎ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚደርሰው በግራና በቀኝ በተዘረጉ ሁለት ዘንጎች ነው። እያንዳንዱ ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ቱቦው በጎማው በኩል የጸና ነው፤ በካምቢዮው በኩል ግን ክንድ ከትከሻ ላይ እንደሚንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ቱቦውም አብሮ ዝቅና ከፍ ይላል። እንግዲህ በዚህ መጋጠሚያ ላይ የካምቢዮው ዘይት እንዳይፈስ፤ አቧራም ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚጠብቀው ያ እጥፍጥፍ እጅጌ የሚመስል ላስቲክ ነው። አንዱ አፉ ከካምቢዮው ጋር፤ ሌላው አፉ ከቱቦው ጋር በማሰሪያ ይያያዛል። በውስጥ ያለው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ይኸው ዘይት ማርሾቹን ብቻ ሳይሆን በቱቦው በኩል አልፎ የኋላውን ጎማ ኩሽኔታ ጭምር ያለሰልሳል። ስለዚህ ያ ትንሽ ላስቲክ ከስፍራው ሲንሸራተት የሚጠፋው ላስቲኩ አይደለም፤ ካምቢዮውና ኩሽኔታው ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሾፌሩ ከፊት ተቀምጦ ይህን ሁሉ አለማየቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ከቮልሷ ሥር ዘይት አይተው ጠሩን። በማግስቱ የእህታቸው ሙት ዓመት ስለ ነበረ ወደ አምቦ ሊሄዱ ተሰናድተዋል። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለቤታቸውም እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አውቶቡስ መሳፈር ስለማይችሉ ተስፋቸው ሁሉ በቮልሷ ላይ ነበር።

እኛም ገብተን ስናይ የግራው ላስቲክ በቱቦው በኩል ከስፍራው ተንሸራትቶ አገኘነው። ማሰሪያው የሚገባው ማሰሪያ አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በሽቦ ጠምጥሞት ኖሯል። «ይህማ ቀላል ነው» አልን። መኪናዋን በክሪክ አነሣን፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፤ ከሥሯም ወፍራም ግንድ ደገፍን። እስከዚህ ድረስ መልካም ሠርተናል፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ከቶ አይገባምና። ከዚያ በኋላ ግን ቸኮልን። ቱቦው በዘይት ተነክሮ ሳለ በጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ዳበስነው። ላስቲኩን ወደ ስፍራው ገፋነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አዲስ ማሰሪያ አጠበቅንበት። የጎደለውን ዘይት ሞላን፤ መኪናዋን አወረድን፤ እጃችንን ታጠብን። እማማ ምሳ አበሉን፤ አባባ መረቁን። እኛም እንደ ታላላቅ መካኒኮች ደረታችንን ነፍተን ወጣን።

ማታ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ኳስ ተጫውተን ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ጎንበስ ብሎ ከቮልሷ ሥር አየ። በንጣፉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ነጠብጣብ ነበር። ቆመን ስንጠብቅ ሌላ ጠብታ ወረደ።

ክቡራን አድማጮች፤ እውነቱን እንናገር። በዚያች ሰዓት ሁላችንም አንድ አሳብ አልነበረንም። አንዱ «ቀድሞ የፈሰሰው የቀረ ዘይት ነው፤ ይቆማል» አለ። ሌላው «አምቦ ደርሶ ለመመለስ አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል?» አለ። ሦስተኛው «አሁን ብንነግራቸው እማማ ይቀራሉ፤ ሐዘናቸውን እናበዛለን» ሲል አዘነ። ይህ የመጨረሻው ቃል ርኅራኄ ይመስል ነበር፤ ግን ፍርሃት የርኅራኄ ልብስ ለብሶ እንደ ሆነ ሁላችንም በልባችን አውቀነዋል። በደረጃው ላይ ብዙ ቆምን። በመጨረሻ ከሁላችን ዝምተኛ የሆነው ልጅ «ዛሬ ብንናገር እናፍራለን፤ ነገ ጊንጪ ላይ መንገድ ዳር ቢቆሙስ ምን እንላለን?» አለ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ወጣንና በሩን አንኳኳን።

አባባ እስክንጨርስ ዝም ብለው ሰሙን። አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። እማማ ለጉዞው ያወጡትን ነጠላ አጣጥፈው ወደ ሣጥኑ ሲመልሱ አየን፤ ይህ ከቁጣ ሁሉ ይልቅ ከበደን። አባባም ጥቂት ቆይተው፤ «ልጆቼ፤ ዕቃ አበላሽቶ የሄደ ሰው በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ተመልሶ በሬን ያንኳኳ ግን ጥቂት ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ኑና ጨርሱት» አሉን። በማግስቱ ብቻቸውን በአውቶቡስ ሄዱ፤ እማማም ቀሩ።

በዚያ ሳምንት ያለ ዕረፍት ጠየቅን። መካኒክ የሆኑ ታላላቆቻችንን አማከርን፤ ስሕተታችንንም ተረዳን። መኪና በክሪክ ሲነሣ ቱቦው ወደ ታች ይንጠለጠላል። በዚያ አኳኋን የታሰረ ላስቲክ፤ መኪናዋ በጎማዋ ስትቆም ቱቦው ከፍ ሲል፤ ይጠመዘዛል፤ ይሳባልም። ከሥሩ ደግሞ ዘይት ስላለ ከማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ የበደለን ላስቲኩ አልነበረም፤ ችኮላችን ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሥራውን በሥርዓት ያዝነው። አስቀድመን የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታን፤ እርሱ እንቢ ብሎ ሳለ ዘይት ያፈሰሰ ሰው መኪናውን ያለ ዘይት ያስቀራታልና። ከዚያም ዘይቱን በዕቃ ቀዳን። ላስቲኩን በብርሃን ስንመረምረው አሮጌው ሽቦ በልቶት ስንጥቅ አገኘንበት፤ በመጀመሪያው ቀን ብናጥበው ኖሮ እናየው ነበር። አንደኛው ጓደኛችን መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ አዲስ ገዝቶ መጣ። አዲሱ በአንድ ጎኑ የተከፈተ፤ ዳርና ዳሩም በትንንሽ ቡሎኖች የሚገጣጠም ነው። ይህ ዓይነቱ ጎማውን፤ ፍሬኑንና ኩሽኔታውን ሳይፈቱ ይገባል፤ ድፍኑን ለማስገባት ግን ያን ሁሉ መፍታት ግድ ነው።

አሮጌውን በቢላዋ ቆርጠን አወጣን። ቱቦውንና የካምቢዮውን አፍ በናፍጣና በብሩሽ አጥበን፤ ጣታችን ዘይት እስከማይነካ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ወለወልነው። የካምቢዮው መተንፈሻ እንዳልተደፈነም አየን፤ እርሱ ሲደፈን በውስጥ የሞቀው አየር ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል። አዲሱን ላስቲክ ስናስገባ መገጣጠሚያው ወደ መኪናዋ ኋላ እንዲመለከት አደረግን። ቡሎኖቹን በየተራ ጥቂት በጥቂት አጠበቅን፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ቡሎን ላስቲኩን ጨፍልቆ ራሱ ቀዳዳ ይከፍታል። ሁለቱን ማሰሪያዎች ግን ወዲያው አላጠበቅንም። የኋላ ጎማዎቿን ሰፊና ጽኑ ሳንቃ ላይ አቁመን፤ ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ፤ ላስቲኩ እንዳልተጠመዘዘ አይተን አጠበቅናቸው። በመጨረሻም 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ቀስ እያልን፤ ወደ ቱቦዎቹ እስኪደርስ እየጠበቅን፤ ከመሙያው አፍ እስኪተካከል ድረስ ሞላን።

ያን ዕለት ማንም ደረቱን አልነፋም። አባባ መኪናዋን እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ነድተው ተመለሱ። እኛም ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘርግተን ሄድን። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ነጭ ነበር። በሳምንቱም አየነው፤ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ አባባ እማማን ይዘው ወደ አምቦ ሄደው በሰላም ተመለሱ። የሙት ዓመቱ ግን አልፏል፤ ያን ቀን ለእማማ የሚመልስ ቁልፍ በማንም ሳጥን ውስጥ የለም።

ውድ ታናናሾቻችን፤ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የምንተውላችሁ ምክር ትንሽ ነው። ስትሠሩ አጥቡና እዩ፤ ስታጠብቁ ሥራው በሚቆምበት አኳኋን አቁማችሁ አጥብቁ፤ ከጨረሳችሁ በኋላም ካርቶን ዘርግታችሁ ተመለሱና ተመልከቱ። ነጠብጣብ ብታዩ ደግሞ ሳይመሽ በሩን አንኳኩ።

ክቡራን መምህራኖቻችን፤ ብዙ ዓመት በደብተራችን ላይ ቀይ ምልክት ስታደርጉ ቅር ይለን ነበር። አሁን ግን ምልክታችሁ ያች በንጣፉ ላይ ያየናት ጠብታ እንደ ነበረች ገብቶናል፤ ካምቢዮው ሳይጠፋ በጊዜ ነግራችሁናልና እናመሰግናችኋለን። ክቡራን ወላጆቻችን፤ እናንተም እንደ አባባ አጥፍተን ስንመለስ በሩን ከፍታችሁልናል፤ ባትከፍቱልን ኖሮ ማንኳኳትን ከማን በተማርን ነበር?