ቁስለኛ ለማንሣት የወረደው ሐኪም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በቀይ መስቀል ክበብ ስም ከቀረበ ንግግር)



ክበባችን ስለ ጦር ሐኪሞች ጀግንነት እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ማይጨው ነበር። ጦር ሜዳ ሲባል ሁላችንም ተራራና ገደል ይታየናልና። ነገር ግን መጽሐፍ ባገላበጥሁ ቍጥር ነገሩ ወደ ራሳችን ከተማ፥ በመጨረሻም ወደ ራሴ ቤት እየቀረበ መጣ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሣ በጥይት ስለ ተመታ አንድ ሐኪም ነው። ስሙ ጆን ሜሊ ይባላል።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በመስከረም ወር 1928 ዓ. ም. በወረረች ጊዜ በኢትዮጵያ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ. ም.፥ ማለት ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ነበር። ስለዚህ ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከሆላንድ፥ ከፊንላንድ፥ ከግብፅና ከእንግሊዝ የሕክምና ቡድኖች መጡ። ሜሊ የእንግሊዙን ቡድን መርቶ የመጣ ቀዶ ጠጋኝ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ጦር ውስጥ ተዋግቶ ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን የጀግና ኒሻን ተሸልሟል፤ ሕክምና የተማረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አስቀድሞ መግደልን ተማረ፥ ቀጥሎ ማዳንን።

በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል ምልክት ለብዙዎች ጋሻ አልሆነላቸውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ. ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድኖቹ ድንኳኖች በአይሮፕላን ተደበደቡ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ቆረም አጠገብ በነበረው በሜሊ ሰፈር ላይ ቦምብ ወረደ። ከቦምቡ ይልቅ ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው ግን የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ ነበር። የኛ ወታደር አብዛኛው ባዶ እግሩን የሚሄድ ስለ ነበረ፥ መርዙ የወደቀበትን ሣር እየረገጠ እግሩ በውኃ አረፋ ይነፋ፥ ዓይኑም ይታወር ነበር። ፍቱን መድኃኒት ስላልነበረው ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ማጠብ፥ መቀባትና ማሰር ብቻ ነበር።

ከማይጨው በኋላ የሜሊ ቡድን እያፈገፈገ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም.፥ ቅዳሜ ከመንጋቱ በፊት፥ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታላላቆቻችን መናገር አይወዱም፤ ስለዚህ እኔም ፈራ ተባ እያልሁ ነው የምናገረው። ከተማው ያለ ጠባቂ ቀረ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደርና የከተማው ሥራ ፈት ጠበንጃ ይዞ ወደ ሱቆች ዞረ፤ የመጠጥ ቤቶች በርሜሎችም ተከፈቱ። ያን ጊዜ ዋናው ገበያ እዚህ አልነበረም፤ አራዳ፥ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። አዲስ ከተማ ተብሎ ወደዚህ የተዛወረውና መርካቶ የሚለውን ስም ያገኘው በወረራው ዘመን ነው። እንግዲህ በእነዚያ ቀኖች የተዘረፈውና የተቃጠለው አራዳ የዛሬው ገበያችን አባት ነው ማለት ይቻላል።

በከተማ ውስጥ የሚደረግ ተኩስ በሜዳ ላይ ከሚደረገው ይልቅ ለሐኪም ይከፋል። በሜዳ ላይ ጠላት ከወዴት እንዳለ ይታወቃል፤ ቁስለኛም ወደ ኋላ ይወሰዳል። በከተማ ግን ኋላ የሚባል ነገር የለም። ጥይት ከመስኮትም ከጣሪያም ይመጣል፤ መንገዱ በዕቃና በእሳት ይዘጋል፤ ደሙ የሚፈስሰው ሰው በሁለት ተኳሾች መካከል ተኝቶ ይቀራል። የመንገድ መጥበብ ምን እንደሚያመጣ ለመርካቶ ልጅ ማስረዳት አያሻም፤ በጥቅምት 2017 ዓ. ም. ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ የእሳት አደጋ መኪናዎች ለመግባት እንዴት እንደ ተቸገሩ አይተናል። በዚያ ላይ ተኩስ ይጨመርበትና አስቡት።

ሜሊ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተቀምጦ መቈየት ይችል ነበር። የብዙ አገር ሰዎች በዚያ ተጠልለው ነበርና። እርሱና ባልደረቦቹ ግን በካሚዮን እየወጡ በየመንገዱ የወደቀውን ያነሡ ጀመር። የወደቀው ዘራፊ ይሁን ተዘራፊ አልጠየቁም። እኔ ብሆን የምጠይቅ ይመስለኛል። በማግሥቱ እሑድ፥ ሚያዝያ 25 ቀን፥ ሜሊ አንድ ቁስለኛ ለማንሣት ከካሚዮኑ ሲወርድ፥ መጠጥ ያሰከረው አንድ ሰው ቀርቦ ተኰሰበት። ጥይቱ ሳንባውን መታው። የራሱ ባልደረቦች በተራቸው እርሱን ጭነው ወሰዱት። ሁለት ቀን ታግሎ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ባዶልዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፥ ሞተ።

ቆረም ላይ ከጠላት ቦምብ የተረፈ ሰው ነው፤ የገደለው ግን ሊረዳው ከመጣው ሕዝብ መካከል አንዱ ነው። ይህን ሳነብ አፈርሁ።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ቅድመ አያቴ አራዳ ውስጥ አቡጀዲ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። በቤታችን ሁልጊዜ ሲነገር የሰማሁት «ሱቁን ጣልያን አቃጠለው» የሚል ነው። ቀኖቹን ከጻፍሁ በኋላ አያቴን ጠየቅኋቸው፤

«እማማ፥ ጣልያን የገባው ማክሰኞ ነው። ሱቁ የተቃጠለው መቼ ነው?»

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ፥ «ልጄ፥ አባቴ ይህን ነገር በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረው» አሉኝ። «ቅዳሜ ነው የተቃጠለው። በሩን የሰበሩትን በመልክ ያውቃቸው ነበር። ኋላ እዚህ መርካቶ አብሯቸው ሲነግድ ኖረ፤ አንድም ቀን አላነሣባቸውም።»

አያቴን ይህን በአደባባይ ልናገረው ወይ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «ስም ካልጠራህ ተናገር» ስላሉኝ ነው የተናገርሁት። እነሆ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

አዲስ አበባ ከዚያ ወዲያም ደም አይታለች። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. እና በተከተሉት ሁለት ቀኖች ፋሺስቶች ሕዝቡን በየቤቱ ሲጨፈጭፉ፥ ካዩትና ኋላ ለዓለም ከመሰከሩት አንዱ ላዲስላስ ሳቫ የሚባል የሀንጋሪ ሐኪም ነበር። ቁስል የሚያጥብ እጅ ምስክርነትም ይጽፋል።

በስደት ሳሉ ለንደን ላይ ነርስነት የተማሩትና በ1934 ዓ. ም. በወጣትነታቸው የሞቱት ልዕልት ፀሐይም ሊታወሱ ይገባል። በስማቸው የታነጸው ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። የታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ሲጣራ ስንቶቻችን ሆስፒታል መጥራቱ እንደ ሆነ እናስባለን? የራሳችን ልጆች በጐንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ለጤና ሥራ መሠልጠን የያዙት በ1947 ዓ. ም. ነው፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ መጣ። ከጦርነቱ በፊት ሜሊ ራሱ በዚህ ከተማ ሆስፒታል ለማቋቋም አሳብ ነበረው፤ ጦርነቱ ግን ከሆስፒታሉ ቀደመ።

ክበባችን ባለፈው ወር ቃሬዛ ሠርቷል፤ ሁለት አጣናና አንድ የሸራ ጨርቅ ነው። ሰውን በቃሬዛ ማንሣት ቀላል ይመስላል፤ በሞከርንበት ቀን ግን ክብደቱ ከሁላችን ያነሰውን ልጅ ሁለት ጊዜ ጥለነዋል፤ ይቅርታ አድርጎልናል። ልምምዱ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይደረጋል። የሚሸከሙ ብቻ ሳይሆን የሚተኙም ያስፈልጉናል።