የሸክላ ሠሪዪቱ ዋጋ



ጀበና፥ ምጣድ ወይም ገንቦ ያልገባበት ቤት የለም። ሸክላ ሠሪዪቱ ግን በቡዳነት እየታማች፥ ዕቃዋ ወደ ማጀት ሲገባ እርሷ ከደጅ ስትቀር ኖራለች። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም በዋጋ ክርክር ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

በአዲስ አበባ በቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ዐፈሩንና ማገዶውን የሚያሰናዱት ገንዘብ ከመቀበላቸው አስቀድሞ ነው፤ በእሳት የተሰነጠቀውም ዕቃ ኪሳራው የእነርሱ ነው። ገዢው ይህን ሳይመዝን ዋጋ ቢሰብር፥ የድኻ እንጀራ ነጠቀ እንጂ አተረፈ አይባልም።

የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት 10 መመሪያዎች አሉት፤ በእነርሱም የእጅ ሥራ ያዘዘ ነጋዴ፥ ሠራተኞቹ ሲጠይቁ ከዋጋው ቢያንስ እኩሌታውን ያለ ወለድ አስቀድሞ እንዲከፍል ታዝዟል። ይህ ለሰበካም የሚቻል ነው። ለዝክርና ለማኅበር ዕቃ ሲያስፈልግ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ይዘዝ፤ እኩሌታውን አስቀድሞ ይክፈል፤ በማዕዱም ከእኅቶች ጋር ያስቀምጣቸው።

ሰው ሁሉ ከዐፈር ተበጅቶ ሳለ፥ ዐፈር አበጅታ የምታድረውን ሴት መናቅ የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ ነውና።