የተዋሰችው መልክና ባዶው ማዕድ፤ ስለ ብሌኒ ዓሣ ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለምትኖር፥ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለምትረዝም ብሌኒ ነው። በሳይንስ አጠራር ኤክሴኒየስ ግራቪዬሪ ትባላለች። ፊቷ ሰማያዊ፥ ኋላዋ ቢጫ ነው፤ ከዓይኗም ጥቁር መሥመር ይነሣል።

ይህ መልክ ግን የጎረቤት ነው። በዚያው ባሕር የሚኖር ሜያካንቱስ የተባለ ዘመዷ በታችኛው መንጋጋው መርዘኛ ክራንቻ አለው፤ በአፉ የያዘው ትልቅ ዓሣ ሲነከስ ይተፋዋል። የእኛይቱ መርዝ የላትም፤ እርሱን በመምሰሏ ትፈራለች።

አኳሪየም ውስጥ ግን ይህ ዘዴ አያድናትም፤ የዚያ ጠላቷ ረኃብ ነውና። ምግቧ ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ ስለሆነ፥ አዲስና እጅግ የጸዳ መስታወት ለእርሷ ባዶ ማዕድ ነው። ስለዚህ ዓሣዋ ከመግባቷ በፊት ውሃው ለወራት እንዲሰነብት፥ ድንጋዩም አረንጓዴ እንዲለብስ እንመክራለን። መደበቂያ ቀዳዳ አይጥፋ፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፥ ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል ይሁን። ሆዷ ከጎደጎደ ተርባለችና የተቀቀለ ቆስጣ እንጨምርላት።

ለውበት ስንልም መስታወቱን ሁሉ አንፈግፍግ፤ የፊቱን ብቻ ጠርገን የቀረውን ለባለቤቲቱ እንተውላት።